ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት በጥፍር ጫር አድርጉት

ድሬ እንደምታውቋት ናት፤ ግንቦት ገብቶ ቆርቆሮው እሳት ሆኗል። በዚህ ሙቀት ሰፈር ውስጥ የመጋዝ ድምፅ እየበዛ ነው። «ደርቋል»፣ «በሽታ ገብቶበታል» እየተባለ የሃያና የሠላሳ ዓመት ማንጎና ኒም ይገነደሳል። አቦ፣ ትንሽ እንታገሥ! ሃያ ዓመት የፈጀ ጥላ በግማሽ ቀን ይወድቃል። የሚተካው ግን ዛሬ ኬጂ ያለው ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ነው።

መጀመሪያ መሞቱን አረጋግጡ። የቀጭን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍር ጫር አድርጉ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነም ወደ ግንዱ ወረድ እያላችሁ ደጋግሙት።

ቀጥሎ ሲሚንቶውን እዩ። ግቢውን ሊሾ ስናስደርግ እስከ ግንዱ ድረስ እንደፍነዋለን። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል (ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ ብዬ ነው 😀)። ቢያንስ አንድ ሜትር ዙሪያውን ክፍት ተዉለት።

ውሃ በጀሪካን እንደሚቀዳ አውቃለሁ። ለዚህም ነው በየቀኑ አንድ ጆግ ግንዱ ላይ መድፋት ኪሳራ የሚሆነው፤ ላይ ላዩን አርሶ በማግስቱ ይተናል። ለትልቅ ዛፍ በሳምንት አንዴ፣ አመሻሽ ላይ፣ የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያልቅበት ጠርዝ ዙሪያ ጥልቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ውሃ የሚመጡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት ያሉት እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ መሬቱን በደረቅ ቅጠል ወይም በገለባ ሸፍኑ፤ ግንዱን ግን አይንካ። የልብስ እጣቢ በየቀኑ አትድፉበት፤ ጨው አፈሩ ላይ ይከማቻል።

አሁን ወደ ማንጎው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ምልክት ካያችሁ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። ፈሳሹን እየመጠጠ ቅጠሉን ያደርቃል።

ጎረቤታችን አንዲት እናት ማንጎአቸው ሥር ቡና አፍልተው ይሸጣሉ። ቅጠሉ ሲነጣ ልጆቻቸው «ይቆረጥ» አሉ። እሳቸው ደግሞ «መምህር፣ እሱ ከሄደ ደንበኛዬን የት አስቀምጣለሁ?» አሉኝ። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ መሀል ላይ የተጠቀጠቀውን ቅርንጫፍ አሳሳነው፤ ብርሃንና አየር ገባበት። የተቆረጠውን በሙሉ አቃጠልነው። ተባዩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዘንድሮ ግን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ደንበኞቹም ጥላው ሥር ናቸው።

ስታሳሱ አናቱን አትገንድሱት። ጥላ የለመደ ልጥ ድንገት ለድሬ ፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል፤ ይሰነጠቃል፤ ነፍሳትም ይገቡበታል። የተጋለጠውን በውሃ በቀጠነ ኖራ ቀቡት።

መቆረጥ ያለበት ዛፍ የለም አላልኩም። ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ወደ ቤት ያዘነበለ፣ ወይም ሥሩ መሬቱን እያነሳ ያለ ዛፍ አደገኛ ነው። የመብራት ሽቦ የነካውን ግን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ለመብራት ኃይል ደውሉ።

የታመመ ዛፍ ያላችሁ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱና ኢንቦክስ ላኩልኝ፤ አብረን እናያለን። መጋዙን ግን እስከዚያ አቆዩት።