የቡችላው ድግስ የዘር ሐረግ

በዛሬ ከተሞች ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ የሚደገስ ልደት ብዙውን ጊዜ «ጭብጥ» የሚባል ነገር አለው፤ ይህም ኬኩም፣ ፊኛውም፣ ሳህኑም፣ የእንግዶቹ ቆብም በአንድ ገጸ ባሕርይ ወይም በአንድ እንስሳ መልክ እንዲሠራ የሚያዝዝ ያልተጻፈ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉን የተላለፈ ወላጅ ፍርዱን ከባለ ልደቱ ከራሱ፣ ያውም በእንግዶች ፊት ይቀበላል። ውሻን ከደጅ አሳልፎ ሳሎን የማያስገባ ቤተሰብ እንኳ ልጁ ከጠየቀው የወረቀት ቡችላ ግድግዳው ላይ ለመለጠፍ አያመነታም። የድግሱ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ግን ከቅድመ አያቶቹ አንዱም ስለ ውሻ ያሰበ አይመስልም።

በዕድሜ የሚቀድመው ሻማው ነው። የሞራቪያን ወንድማማቾች የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር መሪ የነበረው ጀርመናዊው መስፍን ኒኮላውስ ፎን ዚንዘንዶርፍ በ1746 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልደቱን ሲያከብር፣ ምድጃ የቻለውን ያህል ተልቆ የተጋገረ ኬክ እንደቀረበና በዕድሜው ቁጥር ልክ በተበሱ ቀዳዳዎች ሻማ እንደተተከለበት አንድሬያስ ፍራይ የተባለ ሰው ጽፏል፤ ጸሐፊው የማኅበሩ ተቺ ስለ ነበር ነገሩን ያነሣው ለማድነቅ አልነበረም። ፊኛውን ደግሞ ማይክል ፋራዴይ በ1824 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሃይድሮጅንን ለማጥናት ሲል ሁለት ስስ የጎማ ቁራጮችን ጠርዝ ለጠርዝ አጣብቆ፣ ውስጡ እንዳይያያዝም ዱቄት ነስንሶ ሠራው። መዝሙሩም ቢሆን የኬንታኪዎቹ እኅትማማቾች ሚልድሬድና ፓቲ ሂል በ1893 ለመዋዕለ ሕፃናት የጠዋት ሰላምታ ያሳተሙት ዜማ ነው።

ቡችላው በዚህ ሁሉ መካከል እንዴት ቦታ እንዳገኘ ለመረዳት ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1943 ያቀረበው «የሕፃን መልክ ንድፍ» ይረዳል፤ ይኸውም ለሰውነቱ የተለቀ ራስ፣ ወጣ ያለ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ የሞሉ ጉንጮችና አጫጭር እግሮች በአዋቂው ላይ የመንከባከብ ስሜት ይቀሰቅሳሉ የሚል ሐሳብ ነው። ሎሬንዝ ባወጣው ሥዕል ከሕፃኑ ጋር የተሰለፈው ፔኪንጊዝ የተባለው ደፍጣጣ አፍንጫ ያለው ውሻ ሲሆን፣ ከአዋቂው ጋር የተሰለፈው አፈ ሞጥሟጣ አዳኝ ውሻ ነው። ኬክ ሠሪዎች ይህን ጽሑፍ ሳያነብቡ በክሬም ይፈጽሙታል፤ ዓይኖቹን አሳንሶና ወደ ላይ ሰቅሎ የሠራ ባለሙያ ግን ቡችላ ሳይሆን የከፋው ሽማግሌ ይወጣለታል።

የቀረውን የጨረሰው ሲኒማና ንግድ ነው። እንግሊዛዊቷ ዶዲ ስሚዝ በ1956 ዳልሜሽያን ስለሚባሉ መቶ አንድ ባለ ነጠብጣብ ውሾች የጻፈችውን ልብ ወለድ ዲዝኒ በ1961 ፊልም ሲያደርገው፣ ያን ሁሉ ነጠብጣብ በእጅ ደጋግሞ መገልበጥ አድካሚ ስለ ነበር የሠዓሊዎቹን ንድፍ በቀጥታ ወደ ፊልሙ መሥሪያ ፕላስቲክ የሚያትም የፎቶ ኮፒ ዘዴ ተጠቀመ። ነጠብጣቡ በ2013 በተጀመረው «ፖው ፓትሮል» ውስጥ በእሳት አደጋ ሠራተኛው ቡችላ በማርሻል ገላ ላይ ተመልሷል፤ ይህን ተከታታይ ፊልም የሚያዘጋጀው ስፒን ማስተር ደግሞ የካናዳ መጫወቻ አምራች ነው። እያንዳንዱ ቡችላ የራሱ ቀለም፣ የራሱ አርማና የራሱ መኪና ያለው መሆኑ ለታሪኩ የጠቀመውን ያህል ለሱቁ መደርደሪያም ጠቅሟል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

በስሙ ከተደገሰው ማዕድ ግን ለቡችላ የሚሆነው ጥቂት ነው። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን፣ ማለትም የካካዎ አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ በውሻ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈርስ ይመርዘዋል፤ በአንዳንድ ከረሜላና ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ፣ እንዲሁም ወይንና ዘቢብ ለእርሱ አደገኛ ናቸው፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም አንጀቱን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛ ቡችላ ለመጋበዝ ያሰበ ወላጅ ሐሳቡን ቢተው ይሻላል፤ ካልተወም እንስሳው ኬኩ ተነሥቶ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ይግባ፤ ቸኮሌት ከበላ ደግሞ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።