ጨረቃዋን «አጥፋት» ያልኩበት ምሽት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ድል አይደለም። ስለ ራሴ ስሕተትና በዚያ ስሕተት ስለተማርኩት ነገር ነው። የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ሰው ሁሉ ቤታችሁ ምንም የማይጎድለው ይመስለዋል። እኛ ግን እንደ እናንተው ልጅ እያሳደግን ገና የምንማር ሰዎች ነን።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር ነው። ባለቤቴ ለአዳር ጸሎት ወጥቶ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃችን ራቱን በጥድፊያ በልቶ ክፍሉ ገባ። ቆይቼ በሩን ስከፍት በኮምፒውተሩ ላይ የሌሊት ሰማይ አየሁ፤ ሁለት ጨረቃዎች አሉበት። አንዷ ትልቅና ቀላ ያለች፣ ሌላዋ ትንሽና ነጣ ያለች ናት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስካይሪም የሚባል ጌም ነው፣ እማዬ። ትልቋ ማሰር፣ ትንሿ ሴኩንዳ ይባላሉ። እኔ እኮ አሁን...»

አላስጨረስኩትም። ስለዚህ ጌም ቀደም ብዬ ጥቂት አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ ዘንዶና አስማት፣ ብዙ አማልክትም ያሉበት የፈጠራ ዓለም ነው። በዚህ ተከታታይ ጌም ውስጥ ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱ ሁለቱ ጨረቃዎች የሞተ አምላክ ሥጋ ክፋዮች ናቸው ይላል። እኔ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመራቂ ነኝ፤ የፍጥረትን አራተኛ ቀን ለሰንበት ትምህርት ልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ይህ ነገር በገዛ ቤቴ ሲገኝ ደሜ ፈላ።

«አሁኑኑ አጥፋው። እዚሁ ቆሜ እያየሁህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ፎልደሩን በሙሉ አጠፋ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔም ቤቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ጌታን አመስግኜ ተኛሁ።

በማግሥቱ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ምን እየሠራ እንደ ነበር ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

ያን ቀን ልጄ ሲመጣ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ምንም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገረኝ። የጌሙ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ተጫዋቾች ራሳቸው ጌሙን እንዲለውጡት ክሬሽን ኪት የተባለ መሣሪያ በነጻ አውጥተዋል። ሰው ተራራውን፣ ቤቱን፣ ሰማዩን ሳይቀር እንደ ወደደ ይቀይራል፤ ሥራው ሞድ ይባላል። ልጄም ሰማዩን እየቀየረ ነበር። ሁለቱን ጨረቃዎች አውጥቶ የእኛን አንዲት ጨረቃ ሊያስገባ፣ ከዋክብቱንም ከግቢያችን እንደሚታዩት ሊያደርግ ሦስት ሳምንት ደክሟል። ናሳ ያነሣቸውን የጨረቃ ፎቶዎች ይዞ እያንዳንዱን ቅርጽ ለየብቻ በእጁ ሣለ። ሥዕሎቹ ሁሉ እኔ ባስጠፋሁት ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቦታ አላስቀመጣቸውም።

እኅቶቼ፣ በዚያች ሰዓት ምን እንደ ተሰማኝ ልነግራችሁ ይከብደኛል። «የሕይወት ሥነ ሥርዓት አስተማርኩት» ያልኩት ነገር የልጄን ድካም ሳላይ ማጥፋት ሆኖ ተገኘ። «ልጄ፣ በድያለሁ። ሳልሰማህ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ስለ ጌሙ ያለኝን ሥጋት ሰበብ አላደረግሁም፤ ይቅርታ ውስጥ «ነገር ግን» ከገባ ይቅርታነቱ ያበቃል። «እሺ» አለኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ» ግን አላለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋበት። ልጄ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ። ተከትዬው ወጣሁ። በምዕራብ በኩል ለጋ ጨረቃ ነበረች።

«እማዬ፣ እያት። እንዴት ነው የተኛችው?»

አየኋት። ሁለቱን ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ዋንጫ ተኝታለች። በፈረንጆች የሥዕል መጻሕፍት ላይ ግን ለጋ ጨረቃ ብዙውን ጊዜ ቆማ፣ ጎኗ ብቻ ሲበራ ነው የምትሣለው። ምክንያቱን አስረዳኝ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይ በእኛ አገር ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ጨረቃን የምታበራት ከታች በኩል ነው። ወደ ሰሜን አገር በሄድን ቁጥር ጨረቃዋ ወደ ጎን ታዘነብላለች። «አያቴ ብታየው የምታውቀው ጨረቃ እንዲሆን ፈልጌ ነበር» አለኝ።

ደግሞም እንዲህ አለኝ። በጌሙ ውስጥ ጨረቃ በፀሐይ አትበራም። ለእያንዳንዱ ቅርጽ የተዘጋጀ ሥዕል አለ፤ ቀን ሲቆጠር ሥዕሉ ይለወጣል። የእኛዋ ግን በ29 ቀን ተኩል ገደማ ዙሯን የምትጨርሰው በፀሐይ፣ በምድርና በራሷ አቀማመጥ ነው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ የምትወጣውም በፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም ነው። «ይህን ማስተካከል አቃተኝ» አለ። የአንዲት ጨረቃን ሥርዓት እንኳ መኮረጅ ስንት ድካም እንዳለው ሲናገር፣ ስለ ፈጣሪ ጥበብ ብዙ ስብከት ሰምቼ ያላገኘሁትን ግርምት አገኘሁ።

በምሥራቅ ኦሪዮንን፣ ከፍ ብሎም ሰባቱን ከዋክብት አሳየኝ። ሁለቱም በኢዮብ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ስማቸውን አስተምሬዋለሁ፤ ሰማይ ላይ የት እንዳሉ ግን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

እዚያው ጨለማው ውስጥ ስለሞተው አምላክ ታሪክ ጠየቅሁት። «እማዬ፣ በተረት ጅብ ሲናገር እናምናለን እንዴ?» አለኝ። ሣቅሁ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም፣ አልደበቅሁትምም። ተረት ስንሰማ ጅብ እንደማይናገር እናውቃለን፤ ስለ አምላክ የሚነገር ፈጠራ ግን ደጋግመን በሰማነው ቁጥር ልባችንን ሊለማመደው ይችላል አልኩት። አሰበበት። ተስማማን ብዬ አልዋሻችሁም፤ ተነጋገርን እንጂ። የሚጫወትበትን ሰዓት ወሰንን፣ የሠራውንም ሊያሳየኝ ቃል ገባ። ሥዕሉን እንደ ገና ጀምሯል። እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለጋዋን ጨረቃ ሥዕል ብቻ ነው። እኔም እጠብቃለሁ፤ ያፈረስኩትን መተማመን በአንድ ቀን ልመልሰው አልችልም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከባለቤቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። በልጃችን ፊት አልወቀሰኝም፤ በልጃችንም ላይ ከእኔ ጋር አልተባበረም። ለብቻችን ሆነን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መልሱን ለኅሊናዬ ተወው። አንዳችን ስንቆጣ ሌላችን በቁጣው ላይ እንጨት አንጨምር፤ ሰከን ብለን እንጠይቅ። ልጆቻችን ከሚያደርጉት ነገር መከልከል ያለበት ይኖራል። መጀመሪያ ግን ወንበር ስበን አጠገባቸው እንቀመጥ። ያላየነውን ነገር በትክክል ልንመዝነው አንችልም።

በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በትንሿ ጣታችሁ ጨረቃዋን ለመሸፈን ሞክሩ፤ ትሸፍኗታላችሁ። 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች፣ የምታህል የምትመስለንን የማታህል ፍጥረት ናት። ከዚያ ዝም በሉና ልጃችሁ ይናገር።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።