ማሳ ወይስ ጫካ?

ከአምቦ ስመለስ ጊንጪ ወረድኩ። የአጎቴ ልጅ ማሳ ከጭልሞ ደን ጋር ይዋሰናል። ደኑ ውስጥ መመንጠር ክልክል መሆኑን ያውቃል፤ የቸገረው ጦም ያሳደረው ጥግ ነው፤ አጋምና ክትክታ ወርሶታል።

«አንተ መምህሩ ፍረድ እስቲ፤ ይሄ ማሳ ነው ጫካ?»

ቃል መተርጎም እንጀራዬ ነበር። አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. በያዘችው ትርጉም ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ላይ የበቀለ፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥላው 20 በመቶ የደረሰ፣ ወይም እዚያ ሊደርስ የሚችል ዛፍ ነው። «ሊደርስ የሚችል» የምትለዋ ናት ጉዷ!

«ጥግህ ግማሽ ሄክታር አይሞላም» አልኩት።

«ከደኑ ጋር ቀጥለው ከለኩትስ?»

መልስ አጣሁ። እሱ ግን ሳያድግ ከሥሩ መንቀል ጀምሯል። አጋሙ ሥር፣ እሾኹ ከከብት የሸሸጋት ጣት የምታህል የጽድ ችግኝ አየሁ።

«ይቺንስ?»

«እሷማ ናት የምታስከስሰኝ» አለና ጎንበስ አለ።