አሮጌ የስፖርት መኪና ያዋጣል ወይ?

ወጣቶች መኪና መውደዳቸው የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ዝቅ ብላ መሬት የምትነካ የምትመስል፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ድምጿ ከሩቅ የሚለይ መኪና አልፋ ስትሄድ ዞር ብሎ የማያይ ልጅ ቢኖር ነው የሚገርመኝ። እኔ በሙያዬ መካኒክ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት መርካቶ ውስጥ በነበረ አንድ ጋራዥ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመታት በላይ ደግሞ የምኖረውም የምሠራውም አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወጣቶች ደጋግመው ያቀረቡልኝ ጥያቄ ቢኖር «ይህችን አሮጌ የስፖርት መኪና ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) መከር ላይ ይኸው ጥያቄ ከገዛ ቤተሰቤ መጣ።

ጠያቂው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ ሦስት ሲሆን ቀን የነርስነት ትምህርት ይማራል፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። አባቱ ከሞቱ ወዲህ የቤት ኪራዩን ከእናቱ ጋር እኩል የሚከፍለው እሱ ነው። ይነዳት የነበረችው መኪና ሞተሯ ስለተቃጠለ በሁለት ዓመት ውስጥ ባጠራቀማት 9 ሺህ ዶላር ሌላ መግዛት ነበረበት። በዚህ አገር ሌሊት የሚሠራ ሰው ያለ መኪና ሥራው በእጁ አይቆይም። እንግዲህ የሚገዛት መኪና ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ የቤቱ ኪራይም በእሷ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ልጁ ሁለት መኪናዎች መርጦ መጣ። አንደኛዋ የ1987 ሥሪት ፖርሼ 944 ስትሆን ዋጋዋ 6 ሺህ 500 ዶላር ነው። ሁለተኛዋ ጣራዋ የሚከፈት የ1995 ማዝዳ ሚያታ ስትሆን ባለቤቷ 7 ሺህ 800 ዶላር ይጠይቅባታል።

«አጎቴ፣ እስቲ ይመልከቱ፤ ፖርሼ ከማዝዳ ስትረክስ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። ዓይኑ ያበራ ነበር።

አይቻለሁ። ምክንያቱም ቀላል ነው። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ያች ፖርሼ አዲስ ሳለች የገዛት ሰው ኪሱ የሚችል ነበር፤ በየጊዜው ወደ ጋራዥ ይወስዳት ነበር። ከእሱ የገዛው ሁለተኛው ሰው ትንሽ ጠበብ ያለ ኪስ ነበረው። ሦስተኛው ከሁለተኛው የባሰ ነው። አራተኛው ዘንድ ስትደርስ መኪናዋን ለመግዛት የሚችል፣ ለማሳደስ ግን የማይችል ሰው እጅ ገብታለች። እሱም «በሚቀጥለው ዓመት አሠራታለሁ» እያለ ያቆየውን ሥራ ሁሉ ለአምስተኛው ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ የመኪናዋ ትክክለኛ ዋጋ በወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የነበሩት ሰዎች ሳይሠሩት የተዉት ሥራ ሁሉ ተደምሮበት የሚመጣው ነው። የስፖርት መኪና ከሌላው የሚለየው ይህ ያልተሠራ ሥራ ሲጠራቀም በጣም ውድ በመሆኑ ነው።

ስለ 944 ክፉ መናገሬ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። ከ1982 እስከ 1991 ድረስ ከ160 ሺህ በላይ የተሠራች መኪና ናት። ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ በመሆኑ ክብደቷ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ለመባል በሚቀርብ ሁኔታ ይከፈላል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የነዳት ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። ላሜራዋም ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ዝገትን ከብዙ እኩዮቿ በተሻለ ትቋቋማለች። ነገር ግን ውበቷ ያለበት ቦታ ወጪዋም ያለበት ነው። ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ ፍሪሲዮን ለመቀየር የጭስ ማውጫውን፣ ካምቢዮውንና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ረጅም ቱቦ መፍታት ግድ ይላል። በሌላ መኪና ላይ የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው እዚህ ላይ ቀናት ይወስዳል።

ከዚያ የባሰው የታይሚንግ ቺንጊያው ነገር ነው። በ944 ሞተር ላይ ሁለት የጥርስ ቺንጊያዎች አሉ። አንደኛው ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋውን ዘንግ ያዞራል፤ ሁለተኛው የሞተሩን ንዝረት የሚያስቀሩ ሁለት ዘንጎችን ያዞራል። (የዘንጎቹ ፈቃድ የሚትሱቢሺ ስለነበር ጀርመኖቹ ለጃፓኖቹ ይከፍሉበት ነበር።) የመጀመሪያው ቺንጊያ ከተበጠሰ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ክፍት ቫልቭ ያገኛል፤ ቫልቩ ይጣመማል፤ ቴስታታው ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ነው። በመሆኑም ብዙ ባለሙያዎች ቺንጊያዎቹ በ30 ሺህ ማይል ወይም በአራት አምስት ዓመት እንዲቀየሩ ይመክራሉ። መኪናዋ ቆማ ብትውልም ጎማው ያረጃልና ዓመቱም ይቆጠራል።

ቅዳሜ ጧት አብረን ሄደን አየናት። ቀይ ናት፤ ታምራለች። ሻጩ ትሑት ወጣት ሲሆን ከገዛት ዘጠኝ ወሩ ነው። ኮፈኑን ሳልከፍት በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ቺንጊያዎቹ የተቀየሩበትን ደረሰኝ። «የሸጠልኝ ሰው ቀይሬያለሁ ብሎኛል» አለ። ወረቀት የለም። ቆጣሪው 92 ሺህ ማይል ይላል። ይሁን እንጂ በእነዚህ መኪናዎች ቆጣሪ ውስጥ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስትሰበር ቁጥሩ ባለበት እንደሚቆም የታወቀ ነው። በአሜሪካ ሕግም ከ2010 ሥሪት ወዲህ ላልሆኑ መኪናዎች ሻጭ የተነዳውን ማይል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አይገደድም። የመቀመጫውና የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ግን አይዋሽም፤ መርገጫው እስከ ብረቱ ተበልቷል። ስንነዳትም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። ፍሪሲዮኑ አልቋል።

በፖርሼ ላይ ብቻ የሚሠራ አንድ ጋራዥ ደውዬ ዋጋ ጠየቅሁ። ቺንጊያዎቹ፣ መወጠሪያዎቹና የውሃ ፓምፑ አንድ ላይ ሲሠሩ ወደ 2 ሺህ ዶላር፤ ፍሪሲዮኑ ወደ 3 ሺህ ዶላር። ሒሳቡን ልጁ ራሱ በስልኩ ላይ ደመረው። 11 ሺህ 500 ዶላር መጣ። ይህም ገና ያላየነው ነገር ሳይቆጠር ነው።

ዝም ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ጥገናውን በክሬዲት ካርድ ባደርገውስ?» አለኝ። ወለድ በሙስሊም ቤት ምን እንደሆነ ለእሱ የሚነገረው አይደለም፤ አባቱም ነግረውት አልፈዋል። ወለዱ ባይኖር እንኳ በብድር የሚጠገን የሠላሳ ሰባት ዓመት መኪና ብድሩ ሳያልቅ ሌላ ነገር ይሰበርበታል። ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም። መንገዱን ሁሉ ግን አላናገረኝም። አዝኜለታለሁ። ሰው የወደደውን ነገር በሒሳብ ሲነጥቁት ማየት ደስ አይልም።

ማዝዳዋን በማግስቱ አየናት። ሚያታ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው በየካቲት 1989 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። የድሮዎቹን ትንንሽ የእንግሊዝ ክፍት መኪናዎች መስላ፣ ነገር ግን ዘይት የማታንጠባጥብና ጧት የምትነሣ ሆና ተሠራች። በ2016 ቁጥሯ አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ ዛሬም የልጅ ልጇ ይመረታል። ለገዢ የሚጠቅመው ይኸው ብዛቷ ነው፤ ዕቃዋ በየቦታው ይገኛል፣ የማያውቃት መካኒክም የለም። የ1995ቷ ባለ 1.8 ሊትር፣ 128 የፈረስ ጉልበት ናት። ጉልበቷ ብዙ አይደለም፤ ክብደቷም ወደ 1 ሺህ 40 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ብዙ አያስፈልጋትም። ቺንጊያዋ በ60 ሺህ ማይል ይቀየራል፤ ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም። መንገድ ዳር ቆመህ ትራክ ትጠራለህ እንጂ ሞተር አትቀብርም።

ሻጩ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ከመሄዳችን በፊት ሞተሩን እንዳያሞቁት በስልክ ለምኛቸው ነበር፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቃልና። ስናስነሣው ከላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰጥቶ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተወው። ልጁ ደነገጠ። በነዚህ ሞተሮች ላይ በዘይት የሚሠሩት የቫልቭ መግፊያዎች ዘይት እስኪሞላቸው እንዲህ ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም። የአራቱንም ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ ለካሁ፤ ተቀራራቢ ናቸው። አንደኛው ከሌሎቹ በአሥራ አምስት በመቶ ቢያንስ ኖሮ ቁልፌን ሰብስቤ እሄድ ነበር።

የሚያታ እውነተኛ ጠላት ሞተሩ ላይ አይደለም። ጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫው ጀርባ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ይፈስሳል። ቀዳዳው በቅጠል ከተደፈነ ውሃው ከበሩ ሥር ባለው የጎን ላሜራ ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ክረምት ላይ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ከውጭ ይቀበለዋል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ነበር የሄድኩት። በግራ በኩል ሳፈስ ከሥር ወዲያው ወረደ። በቀኝ በኩል ግን ቆየ፤ ከዚያም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀለሙ ፊኛ ይዟል።

አዛውንቱ አልተከላከሉም። «እሱን ልነግራችሁ ነበር፤ የፊተኛው ቀኝ በርም ከዚህ በፊት ተመትቶ ተቀብቷል» አሉን። የሰው ነገር እንዲህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ባገኙት ጊዜ ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳልተደረገ ሻጩን መጠየቃቸውን ከልጅነታችን ጀምረን እንሰማለን። እኒህ ሰው ያንን ሐዲስ ባያውቁትም እርጥቡን ከላይ አደረጉት። ከዚያም አንድ ወፍራም ማኅደር አመጡ። የሃያ ዓመት ደረሰኝ አለበት። ቺንጊያውና የውሃ ፓምፑ በ118 ሺህ ማይል ተቀይረዋል፤ አሁን መኪናዋ 141 ሺህ ላይ ናት። ለእኔ ያቺ ማኅደር ከቀለሙም ከጎማውም ትበልጣለች።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ያልተበላ ቢሆንም ጎናቸው ላይ 1411 የሚል ቁጥር አለ፤ በ2011 በአሥራ አራተኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ጎማ ደርቋል፤ በዝናብ መንገድ አይዝም። ይህንና ዝገቱን ቆጥረን ዋጋውን ተከራከርን፤ በ7 ሺህ ዶላር ተስማማን። አዲስ ጎማ 500 ዶላር፣ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ማለትም 290 ዶላር ገደማ ሆነ። ከ9 ሺው ውስጥ 1 ሺህ 200 ዶላር ያህል ተረፈ። ያንን እንዳይነካው ነገርኩት።

እውነቱን ለመናገር ለሌሊት ሠራተኛ ቶዮታ ካምሪ ይሻለው ነበር። እህቴም ያለችው ይህንኑ ነው። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሥሪት ወዲህ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ ግዴታ የሆነው ከመንሸራተት የሚጠብቅ ሥርዓት የላትም፤ የምትነዳውም በኋላ ጎማ ነው። ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ እየተጫነው ለሚመለስ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ቃል አስገባሁት፤ በረዶ በጣለ ቀን የሥራ ጓደኛው እንዲወስደው፣ እንቅልፍ በከበደው ጧት ደግሞ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ተኝቶ እንዲመጣ። ኢንሹራንሱን ሳይገዛ በፊት እንዲጠይቅም አደረግሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በታች ያለ ወንድና የስፖርት መኪና ሲገናኙ ክፍያው አንዳንዴ ከመኪናዋ ዋጋ የበለጠ ያስደነግጣል። ለሚያታዋ የተጠየቀው ግን አቅሙ የሚችለው ሆኖ ተገኘ።

እህቴ መኪናዋን በር ላይ ስታያት ሁለት ጊዜ ዞረቻት። «ወንድም ጋሼ፣ እኔና ትንሿ ልጅ አንድ ላይ የምንቀመጠው የት ነው?» አለችኝ። ልጁ «በተራ፣ እማዬ» ብሎ መለሰላት። አልሳቀችም፤ ግን ገብታ ተቀመጠች።

በኅዳር ወር ቀኙን የጎን ላሜራ ጋራዤ ውስጥ ከፈትነው። ዝገቱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጥ ነበር። ቆርጠን አወጣነው፣ አዲስ ላሜራ በየድኩለት፣ ቀዳዳውንም ጠረግነው፤ መብራቱን የያዘልኝ እሱ ነው። የሚቀጥለው ቺንጊያ በ178 ሺህ ማይል ላይ ይጠብቀዋል። ለእሱም ከየወሩ ደመወዙ 40 ዶላር ለብቻ እያስቀመጠ ነው።