ዘሌዋውያን ላይ የቆመው ዕልባት

መስከረም 1 ቀን መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የሚነሡ ምእመናንን በየዓመቱ አያለሁ። በቀን 3 ምዕራፍ የሚያነብ ሰው የዘፍጥረትን 50 ምዕራፍና የዘጸአትን 40 ምዕራፍ ልክ መስከረም 30 ይጨርሳል። ጥቅምት 1 ቀን ዘሌዋውያን ይከፈታል፤ የብዙዎች ዕልባትም እዚያው ይቀራል። «ስለ ስብና ስለ ኩላሊት፣ ስለ ለምጽና ስለ ርኩስ እንስሳ ማንበብ ለዕለት ኑሮዬ ምን ይረባኛል?» ይላሉ። አንዳንዱ ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሸሻል፤ አንዳንዱም እስከሚመጣው መስከረም ድረስ ንባቡን ይተወዋል።

እኔ ግን በእምነቱ ማደግ ለሚፈልግ ሰው ከጥቅምት 6 እና 7 የሚበልጡ የንባብ ቀኖች ጥቂት ናቸው ባይ ነኝ። በዚሁ አቆጣጠር ጥቅምት 6 ቀን ምዕራፍ 16ን፣ ማለትም የስርየትን ቀን እናነባለን። በማግስቱ ምዕራፍ 19 ይመጣል። እርሱም ስለ ቃርሚያ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ሐሜት፣ ሽማግሌን ስለ ማክበር፣ በአገራችን ስለሚኖር መጻተኛ ይናገራል። ጌታ ኢየሱስ ሁለተኛይቱ ታላቅ ትእዛዝ ያላት ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝም የተወሰደችው ከዚሁ ምዕራፍ፣ ከቁጥር 18 ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ሊያነጋግረኝ መጣ (ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል)። አነስተኛ የግንባታ ሥራዎችን በኮንትራት እየያዘ የሚሠራ ሰው ነው። «ፓስተር፣ ደርቄያለሁ» አለኝ። «ጸሎት ይከብደኛል፤ ቃሉም አይናገረኝም። እጅዎን ጭነው ይጸልዩልኝ፤ የመጀመሪያው እሳት ይመለስልኝ።» ጸለይሁለት። ከጸሎቱ በኋላ የጥሞና ንባቡ የት እንደ ደረሰ ጠየቅሁት። «እሱማ ዘሌዋውያን ላይ ቆሟል» አለና ፈገግ አለ። እንግዲያው አብረን እንቀጥል ብዬው ምዕራፍ 16ን፣ ከዚያም 19ን ተራ በተራ አነበብን። ቁጥር 13 ላይ የደረሰው በእርሱ ተራ ነበር። ቁጥሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው እጅ እንዳያድር የሚከለክል ነው። አንብቦ ዝም አለ።

ሠራተኞቹ በየ15 ቀኑ እንዲከፈላቸው ተስማምተው ነበር። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «ነገ ኑ» እያለ ይመልሳቸዋል። ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ቃል የገባውን ለመክፈል ለብቻ አስቀምጦ ነበር። ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ብሎ ስላሰበ ሊነካው ፈራ።

«ዛሬ ማታ ለሠራተኞቹ ክፈል፤ የሕንፃው ይቆይ» አልሁት። ይህን ማለት ለእኔም ቀላል አልነበረም። የጣሪያው ቆርቆሮ የሚገዛው እንዲህ ባለው ቃል በተገባ ገንዘብ ነው። ስሙን ሳልጠራ ነገሩን ለሽማግሌዎች ሳነሣ ክፍሉ ጭር አለ። ያዕቆብ ግን የተከለከለ ደመወዝ ድምፅ እንዳለው፣ ድምፁም ጌታ ዘንድ እንደሚደርስ ይናገራል (5፥4)። በዚያ ገንዘብ በተሠራ ጣሪያ ሥር ቆሜ ስለ ጸጋ መስበክ አልችልም።

ወንድማችን በዚያው ምሽት ከፈለ። ድርቀቱ ግን በዚያ ሌሊት ለቅቆት አልሄደም፤ ወራት ወስዷል። ይህን የማነሣው፣ ታዛዥነትን እሳት እንደምንገዛበት ዋጋ አድርገን የማየት ልማድ በመካከላችን ስላለ ነው። «ይህን ያህል ስጥ፣ ይህን ያህል ጹም፣ በረከት ይለቀቅልሃል» ሲባል እንሰማለን። ከፍሎ ምንም ያልተሰማው ሰው በዚህ ስብከት ምን ተስፋ ይቀርለታል?

የተሐድሶ አባቶች ትምህርት የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። (ተሐድሶ ስል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እነ ሉተርና ካልቪን የተነሡበትን ማለቴ ነው፤ ቃሉ በአገራችን ሌላም ትርጉም አለውና።) ካልቪን እ.ኤ.አ. በ1559 ባሳተመው የ«ኢንስቲትዩት» የመጨረሻ ዝግጅት፣ በሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 7 ላይ፣ የሕግን ሦስት ጥቅሞች ይዘረዝራል። ሕግ እንደ መስታወት ኃጢአታችንን ያሳየናል፤ ክፉዎችን በፍርሃት ይገታል፤ ሦስተኛም ያመነውን ሰው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ያስተምረዋል። ዋነኛ ነው የሚለው ይህን ሦስተኛውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የሃይድልበርግ ካቴኪዝምም በዚሁ መንገድ የተቀረጸ ነው። 129 ጥያቄዎቹ በሦስት ክፍል የተደለደሉ ናቸው፦ ስለ ጉስቁልናችን፣ ስለ መዳናችን፣ ስለ ምስጋናችን። በመጀመሪያው ክፍል የሕግ ማጠቃለያ ይመጣና ኃጢአታችንን ያሳየናል። አሥርቱ ትእዛዛት አንድ በአንድ የሚብራሩት ግን በሦስተኛው፣ ስለ ምስጋና በሚናገረው ክፍል ነው። «አትስረቅ» የሚለውን ሲያብራራ ሐሰተኛ ሚዛንና መስፈሪያን ሌብነት ይለዋል፤ ቀጥሎም ችግረኛን መርዳት እንድንችል በታማኝነት እንድንሠራ ያሳስበናል። ጤፍ ለምትመዝን እህት፣ የተሳፋሪ መልስ በእጁ ላለ የታክሲ ረዳት ይህ የሩቅ ትምህርት አይደለም።

ደግሞም ይህን ቅደም ተከተል ካልቪን የፈጠረው አይደለም። ዘሌዋውያንን ተመልከቱ፦ ደም የተረጨበት ምዕራፍ 16 ይቀድማል፤ የሚዛኑ ምዕራፍ ይከተላል። በ19፥36 እንኳ እግዚአብሔር ስለ ትክክለኛ ሚዛን ካዘዘ በኋላ ከግብፅ ያወጣቸው እርሱ መሆኑን ይነግራቸዋል። ሚዛናችሁን ካስተካከላችሁ አወጣችኋለሁ አላለም፤ ሲያዝዛቸው ቀድሞ አውጥቷቸዋል። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይገባ የነበረው በጥላነት ነው። የዕብራውያን ጸሐፊ እንደሚያስተምረን ክርስቶስ በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ገብቶ የዘላለም ቤዛነትን አገኘልን። ስለዚህ ፍየል አናርድም፤ የሠራተኛውን ደመወዝ ግን አናሳድርም። ወንድማችንም ደመወዙን የከፈለው ጸድቆ ሳለ ነው፤ ባይሰማውም እንኳ ልጅ ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ ገና በጌታ ያላመናችሁ ወዳጆቼም ትኖራላችሁ። ምዕራፍ 19ን አንብባችሁ ልባችሁ ቢወቅሳችሁ አትደንግጡ፤ መስታወቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ራሳችሁን ካስተካከላችሁ በኋላ ለመምጣትም አትጠብቁ። ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ገልጣችሁ ምዕራፍ 16ን አንብቡ፤ ከዚያ ዕብራውያን 9ን ክፈቱ። ያልገባችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ኑ፤ ተቀምጠን አብረን እናነባለን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።