45፣ 35፣ 20

በመጋቢት መባቻ እንዲህ ያለ ሐሩር ለከተማ ልጅ ሹራብ መጣያ ነው። እኛ የወሎ ደጋ ልጆች ግን ሆዳችን ይባባል፤ ፀሐይ እንዲህ የምታቃጥለው የበልግ ደመና ሲቀር ነዋ!

የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ወቅት በመጣ ቁጥር እየተሰበሰቡ የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። መቶውን ለሦስት ይከፍሉታል። ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 ቢሉ፣ ዝናብ የለም ማለታቸው አይደለም፤ ዕድሉ ወደ ማነሱ ያጋድላል ነው የሚሉት። ዜና ላይ ግን የመጀመሪያው ብቻ ይነበብና ሁለቱ ይዋጣሉ። ይሄ ነው የሚያናድደን።

ገበሬው እኮ ያለው አንድ ጎታ ገብስ ነው፤ ወይ ይዘራል ወይ ይበላል። የአንዳችን አባት የ1976ቱን የበልግ መቅረት በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ደውለን ሦስቱንም ቁጥር እንዳለ ነገርናቸው። ዝም አሉ፤ ሒሳባችን ይቆጥራል።

«እንግዲያው ወንዝ ዳር ያለውን እንዝራ፤ የቀረው ዘር ለክረምት ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ደመና አለ?»

የለም አልናቸው።