ሰኔ ሲቃረብ የሚጠራ ቡና

ዛሬ አከራዬ ለቡና ጠሩኝ። በዓል አይደለም፤ ፋሲካ አልፏል፣ ዳግማይ ትንሣኤም አልፏል። የተመረቀ የለም፣ ክርስትና የለም፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ የለም። ተከራይ የሆናችሁ ከዚህ በላይ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፣ ገብቷችኋል። ባለ ኮንዶሚኒየሞች ግን ቁጭ በሉ።

ፈንድሻ ነበረ። ፈንድሻውን ሳይ ነው ነገሩ ከበድ እንደሚል የጠረጠርኩት። አቦሉን ስለ ጉልበታቸው አወራን፣ ቶናው ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ። ከዚያ ሲኒውን እያለቀለቁ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ልጄ፣ ያ የወረዳው ወረቀት መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። መቼ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ሰኔ ላይ።»

«እናድሰዋለና! ወረቀቱ ላይ መንግሥት የፈቀደው ይጻፍ። ልዩነቱን በእጅ ትሰጪኛለሽ። ማንን ይጎዳል?»

በረካውን ሳልጠጣ፣ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ወጣሁ። የደወለ ሰው የለም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ለእናንተ አላስተምርም። መጋቢት 2016 ሲጸድቅ እዚሁ ገጽ ላይ እልል ስትሉ የነበራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር የማይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ። «የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚል ደላላ ፊት ቆመን ከዕቁብ፣ ከወንድም፣ ከአለቃ የተበደርን ሰዎች ነን፤ እልል ማለታችን አይፈረድብንም። ሰኔ ላይ ምዝገባው ሲጀመር ወረዳው በር ላይ አከራይና ተከራይ ጎን ለጎን ተሰልፈን ዝናብ ወረደብን። እኚህ ሴት ያን ቀን ጃንጥላቸውን ይዘውልኛል። ይህም ይጻፍ።

ያኔ ሁለት ዓመት ሩቅ ይመስል ነበር። በሰኔ 2016 የፈረምን ሁሉ ሰኔ 2018 ላይ ተያይዘን ልንደርስ ነው። ለማደስ የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ፈራሚ ደግሞ የግቢው በር ቁልፍ ያለው ነው።

አከራዬን ለማማት አይደለም የምጽፈው። (ልጃቸው ትከተለኛለች። ሰላም እህቴ፣ ላይክ እንዳታደርጊ።) እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ተበልተዋል። ውሉን በሰኔ ፈረምን፣ ሐምሌ 22 ዶላሩ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዘይቱም፣ መድኃኒታቸውም አብሮ ወጣ፤ ኪራዬ ግን ማኅተም ተመቶበት እዚያው ቀረ። የሚኖሩት ከባለቤታቸው በተረፈ ጡረታና እኔ ከምከፍለው ነው። ዋጋውን አልናገርም፣ አክስቴ ታነበዋለች።

ደግሞ ቅጽና ማኅተም ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል። አባታቸው ሁለት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ አንዱ ትርፍ ቤት ተባለና ሄደ። ቀበሌው ያስገባቸውን ሰዎች አባታቸው በየጠዋቱ በአጥር እያዩ አረጁ። «መጀመሪያ ሲመዘግቡ ለቆጠራ ነው ያሉት» ይላሉ አሁንም። የወረዳው ልጅ «እማማ፣ ይሄ ተከራይን ለመጠበቅ ነው» ሲላቸው በትሕትና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንድም ቃል አላመኑትም። ግብሩም አለ። የኪራይ ገቢ ግብር አዲስ ነገር አይደለም፣ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ላይ ተጽፎ ነበር፤ ግን ውሉ ወረዳ ሳይገባ ማን ያውቅ ነበር?

ይህን ሁሉ ይዤላቸው እንኳ «በእጅ» የምትለዋ ነገር አልዋጥ አለችኝ።

በባንክ የገባ ብር ዱካ አለው፤ ነገር ቢመጣ ደረሰኙ ይመሰክርልኛል። በእጅ የሰጠሁት ግን የማይመሰክርልኝ ብቻ አይደለም፣ ይመሰክርብኛል። ከጥቂት ወር በኋላ «ትንሽ ጨምሪ» ቢሉኝ የት ሄጄ ነው የምናገረው? ወረዳ ገብቼ «ከተመዘገበው በላይ ስከፍል ነበር» ልበል? ሐሰተኛው ቁጥር ሥር ያለው ፊርማ የማን ነው? ተከራይን ዝም ለማሰኘት ማስፈራራት ድሮ ቀረ፤ አብሮ እንዲዋሽ ማድረግ ይበቃል። ይህን የፈለሰፈ ሰው ጭንቅላቱ ይባረክ። ደላላ መሆን አለበት።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ ጥያቄውን ወረወርኩት። አንድ ዋጋ ያለው ተከራይ ጠፋ። ሁሉም የወረዳ ዋጋና የቤት ዋጋ አለው፤ ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ ለባሏ የምትናገረው ሦስተኛ ዋጋ አላት፣ እሱን ሌላ ቀን።

ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅም «እኛም ጋ ሕጉ ሊቀየር ነው» ብሎ ድምፅ ልኮልኝ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አከራይ ያለ ምክንያት ውጣ ማለት አይችልም፣ ከአንድ ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅም ይቀራል። «ታዲያ ደስ አላለህም?» አልኩት። «እኔን አይመለከተኝም» አለ። አንድ ሐበሻ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ባለቤቱም እዚያው ነው፣ ኩሽናውም መታጠቢያውም የጋራ። ከአከራዩ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው አዲሱ ሕግ አይሸፍነውም። የእንግሊዝ ፓርላማ እስከ ኩሽናው በር መጥቶ ተመለሰ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አትለቂም?» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። መልቀቅ! ላጤ ሴት ሆናችሁ ቤት ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ደላላው ለአዲስ ገቢ የሚጠራው ዋጋ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አይተዋወቅም፤ እሱ ይሁን። ምርመራውን ነው የማልችለው። ምጣድ አለሽ? ልብስ በሳምንት ስንቴ ታጥቢያለሽ? ታመሻለሽ? ወንድ ይመጣል? (አይመጣም። እሱ ራሱ ሌላ ፖስት ነው።)

እና ደግሞ እንግዳ።

ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት ነው፣ ሰፈሩን አልናገርም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ለዓይኗ ሕክምና መጣች። ባዶ እጇን አትመጣም፤ የተሸከመችው ግን ለእኔ አልነበረም፣ ለአከራዬ ነበር። ቅቤ፣ አይብ፣ የገብስ ቆሎ። ኪራይ እንደምከፍል ስንቴ ነግሬያታለሁ፤ ለእሷ ግን ሰው ቤት የሚኖር ሰው ተጠግቶ ነው የሚኖረው። «ልጄን ያስጠጋሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብላ ጎንበስ አለች። በዕድሜ ሴትዮዋን ትበልጣታለች። ቅቤው ተመሰገነ፣ ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ሴትዮዋ በሬን አንኳኩታ፣ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እየሰማች፣ «እንግዳው የሚቆይ ከሆነ የውኃ ይጨመራል» አለችኝ።

የውኃ! ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት፤ ተነስቼ ጀሪካን የምሞላው እኔ ነኝ።

እናቴ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲያ ግን ፊቷን የምትታጠበው በአንድ ኩባያ ውኃ ሆነ። ቀጠሮዋ ሳይደርስ «ላሟ መውለጃዋ ነው» ብላ ተነሳች። ላሟን ከሸጥናት ቆይቷል። ቅቤውንም ገዝታ ነው ያመጣችው።

የከፈልኩትን አላስታውስም፣ ብሩ ትንሽ ነበር። የኩባያው ነገር ግን እስከ ዛሬ ሌሊት ያባንነኛል። ስለ 1320 አንቀጽ በአንቀጽ ስትከራከሩ ሳይ ውስጤ «የኩባያዋስ?» ይላል። ውላችን ላይ ስለ እንግዳ አንድ መስመር አልነበረም፤ አሁን ባለኝም ላይ የለም። የአሁኗ አከራዬ እናቴ ስትመጣ ከራሳቸው ቤት ፍራሽ አውጥተው ያነጥፉላታል። ማታ ማታ አብረው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ አብረው እኔን ያሙኛል፣ ለምን አታገባም እያሉ። ይህም በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተሞላም።

ስለዚህ ዛሬ «ማንን ይጎዳል?» ሲሉኝ ምላሴ የታሰረው ሕጉን ስለማላውቅ አይደለም። የአሁኗ አከራዬ ክፉ ቢሆኑ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምመልሰው። የጠየቁኝ የቤቱን ኪራይ መሰለኝ፣ ክፍሌ ገብቼ ሳስበው ግን የፍራሹንም ጭምር ነው፤ እሱ ደግሞ በባንክ አይገባም። እምቢ ብላቸው ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፣ በእሱ አልጠራጠርም። ግን የሕግ ሰው እናቴ ስትመጣ በሩን አይከፍትላትም፣ ሰኔም ክረምቱ ነው፣ ሻንጣዬም ዚፑ ተበጥሷል።

ነገ ማታ ገብቼ ሁሉም በባንክ ይግባ፣ የተፈቀደው ጭማሪ በሙሉ ይጨመርልዎ እላቸዋለሁ። ከፈለጉ ግብሩን ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብዬ አሰላላቸዋለሁ። እሺ ካላሉስ? ካላሉ እንጃ። ደላሎች ኮሜንት ላይ ስልክ ቁጥር አትጣሉ፣ አጠፋዋለሁ። አክስቴ፣ ደውለሽ ስንት ነው የምትከፍይው እንዳትይኝ። ደክሞኛል፣ ልተኛ።